የሩቅ አገር ወታደር ታሪክ ስትጽፉ ከአንድ ቀን ጀምሩ

ድሬዳዋ ውስጥ ብዙ ዓመት ታሪክ አስተምሬያለሁ። ዛሬም ሙቀቱ በረድ ሲል የሰፈር ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ከዚራ ያለው በረንዳዬ ላይ ይሰበሰባሉ። በቀደም አንዱ የቤት ሥራውን ዘረጋልኝ። ርዕሱ አርተር ሴንት ክሌር የሚባል የጥንት አሜሪካዊ ጄኔራልና አገረ ገዥ ነው። ከላይ እስከ ታች ተወለደ፣ ተሾመ፣ ተሻረ፣ ሞተ ይላል። «ቲቸር፣ አቦ ይሄ ሰውዬ ምኑም አልገባኝም» አለኝ። እውነቱን ነው። እንደዚያ ከተጻፈ ለማንም አይገባም።

እንዲህ ዓይነት ሥራ ለያዛችሁ ሁሉ የማደርገውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ አጽሙን በሌላ ወረቀት አውጡት። ይህ ለራሳችሁ እንጂ ለአንባቢ አይደለም። የሴንት ክሌር አጽም ይህን ይመስላል (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ስኮትላንድ ተወለደ። ለእንግሊዝ ጦር ሰሜን አሜሪካ ሄዶ ተዋጋ፤ ከዚያ ፔንስልቬንያ መሬት ይዞ ተቀመጠ። አሜሪካኖቹ በእንግሊዝ ላይ ለነፃነት አብዮት ሲያነሱ ከእነሱ ጋር ሆነ። በ1777 የታይኮንደሮጋን ምሽግ ሳይዋጋ ለቀቀ፣ ተከሰሰ፣ በ1778 ነፃ ወጣ። በ1787 የኮንግረሱ ፕሬዚዳንት ሆነ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ ተማሪዎች ሁልጊዜ «የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነበር» ብለው ይጽፋሉ። የጉባኤው ሰብሳቢ ማለት ነው፤ የመጀመሪያው የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ዋሽንግተን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከ1788 እስከ 1802 ከኦሃዮ ወንዝ በስተሰሜን ያለውን ሰፊ ግዛት አስተዳደረ።

አጽሙ ካለቀ አንድ ቀን ምረጡ። ሰውዬው ከዚያ ቀን በፊት የሠራው ሁሉ ወደዚያ የሚያመራ፣ ከዚያ በኋላ የደረሰበት ሁሉ ከዚያ የሚመነጭ ቀን። ለሴንት ክሌር በፈረንጆቹ ኖቬምበር 4 ቀን 1791 ነው። በእኛ ጥቅምት 1784 ይሆናል። የፈረንጁን ዓመት ወደ እኛ ስትቀይሩ ከእኛ አዲስ ዓመት እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7፣ ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜ 8 ቀንሱ፤ ብዙ ነጥብ የሚጠፋው እዚህ ነው።

ያን ቀን የሴንት ክሌር ጦር የደረሰበትን ለልጁ በኦቾሎኒ አሳየሁት። አሥራ አራት ፍሬ ጠረጴዛው ላይ ደረደርን፤ አንዱ ፍሬ መቶ ወታደር ነው። በእርሳስ የዋባሽን ወንዝ ሣልን። ሚሊሻውን ከወንዙ ማዶ፣ ዋናውን ጦር ከወዲህ አደረግን። ምሽግ አልቆፈሩም፣ አጥርም አላጠሩም። ጎህ ሲቀድ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ተዋጊዎች ጥቃት ከፈቱ። ሚሊሻው መጀመሪያ ተመታ፣ እየሸሸ ወደ ሰፈሩ ገባ፣ ሰፈሩ ተከበበ። «አሁን ስድስት አንሳ» አልኩት። ስድስት ፍሬ አነሳ። ከስድስት መቶ በላይ ሰው በአንድ ማለዳ። የቆሰሉትንም ሲያነሳ ከግማሽ በታች ቀረለት። ዝም ብሎ ቀሪውን ሲያይ ቆየ። ከዚያ በኋላ ነው «ለምን?» ብሎ የጠየቀኝ።

ያ ጥያቄ ከመጣ ጽሑፉ ተጀመረ ማለት ነው። መልሱን ከሁለት ወገን ፈልጉ። ከጄኔራሉ ወገን ስንቁ ዘግይቶ ነበር፣ ወታደሩ ልምድ የለውም፣ እሱ ራሱ በሪህ ታሞ ፈረስ ላይ መውጣት አቅቶት ነበር። ይህን ብቻ ከጻፋችሁ ግን ግማሹን ነው የጻፋችሁት። በወዲያኛው ወገን የሚያሚ ሕዝብ መሪ ሊትል ተርትል እና የሾኒ ሕዝብ መሪ ብሉ ጃኬት ነበሩ። የብዙ ነገዶች ተዋጊዎችን አስተባብረው በራሳቸው መሬት ላይ ነው የተዋጉት። ሴንት ክሌር በ1789 ያስፈረመውን የፎርት ሃርማር የመሬት ውል ብዙዎቹ አልተቀበሉትም ነበር። እነሱ ዘንድ ያ ቀን ሽንፈት አይደለም፤ ትልቅ ድል ነው።

ይህን ለእኛ አገር ልጅ ማስረዳት አይከብድም። ራስ መኮንንን ሁላችንም እናውቃለን፤ ወታደር፣ ከዚያ የሐረር ገዥ፣ በፈረንጆቹ 1906 ቁልቢ ያረፉ። ግን ስለ ጨለንቆ ጦርነት አዲስ አበባ ያደገ ተማሪ የሚያወራውና ጁገል ውስጥ ያደገ ተማሪ ከአያቱ የሰማው አንድ አይደለም። አንዱ ስለ ምኒልክ ድል፣ ሌላው ስለ አሚር አብዱላሂና ስለ ሞቱት ሰዎች ያወራል። ክፍል ውስጥ ሁለቱንም አስነስቼ እንዲናገሩ አደርግ ነበር። የኦሃዮን ታሪክም እንደዚያው ጻፉት።

ቀጥሎ ከሽንፈቱ በኋላ ያለውን አትዝለሉ። በ1792 የተወካዮች ምክር ቤት ሽንፈቱን መረመረ፤ የአሜሪካ ምክር ቤት መንግሥትን ሲመረምር ያ የመጀመሪያው ነው። ጥፋቱን በአመዛኙ ከጄኔራሉ ላይ አነሳለት። ገዥነቱንም ቀጠለ፣ ኦሃዮ ክፍለ ሀገር እንዳትሆን ተከራከረ፣ በ1802 ፕሬዚዳንት ጀፈርሰን ሻረው። በዓመቱ ኦሃዮ ክፍለ ሀገር ሆነች። በእኔ እምነት እዚህ ላይ ተሳስቷል፤ ሕዝቡ ራሱን ላስተዳድር ሲል እንቢ ማለት አልነበረበትም። ቢሆንም አስተዳዳሪ ሳለ ከኪሱ ያወጣውን ገንዘብ መንግሥት አልመለሰለትም። በ1818 ደህይቶ ሞተ። ይህን ሳነብለት ልጁ «በምሽጉም የተከሰሰው እሱ፣ ዕዳውንም የተሸከመው እሱ?» አለኝ። ይህችን ጥያቄውን ጽሑፉ ውስጥ እንዲያስገባት ነገርኩት።

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ጻፉት። ልጁ ትናንት ማታ አሮጌውን ሰርዞ ይህን ይዞልኝ መጣ፦ «ጎህ ሲቀድ ተኩስ ተሰማ፤ በሪህ የታመመው ጄኔራል በሰው ድጋፍ ፈረሱ ላይ ለመውጣት ይታገል ነበር።» የትውልድ ዓመቱን ሦስተኛው አንቀጽ ላይ አድርጎታል።