ፎልደሩ ለምን አልከፈት አለ? ዊንዶውስን፣ ሊኑክስንና ማክን በቤት ውስጥ ሲያገናኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ቤት ሦስት ዓይነት ኮምፒውተር ማግኘት ዛሬ ብርቅ አይደለም። ሳሎን ውስጥ ዊንዶውስ የተጫነበት ዴስክቶፕ አለ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ልጅ ላፕቶፑ ላይ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ጭኗል፣ ውጭ ያለ ዘመድ የላከው ማክቡክም ይኖራል። ፍላሽ ማመላለስ ሲሰለች ፎልደር ሼር ይደረጋል፤ አልከፈት ሲል ደግሞ ያገኙትን ሴቲንግ ሁሉ መነካካት ይጀመራል። ችግሩ ግን ከሦስት አይዘልም፦ ወይ ኮምፒውተሮቹ አይገናኙም፣ ወይ ተገናኝተው ማንነትዎን አይቀበሉም፣ ወይ ተቀብለው ፋይሉን አያስነኩም። የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ ማስተካከል ከጀመሩ ደህናውንም ያበላሹታል።

ስሙ ስላልታየ የለም ማለት

ዊንዶውስ ሌሎች ኮምፒውተሮችን የሚፈልግበት መንገድና ፋይል የሚከፍትበት መንገድ ይለያያሉ። ኡቡንቱው ላይ ሳምባ (የሊኑክስን ፎልደር ለዊንዶውስና ለማክ የሚያጋራው ፕሮግራም) በደንብ እየሠራ ስሙ ግን ዊንዶውሱ «ኔትወርክ» መስኮት ውስጥ ላይታይ ይችላል፤ ለመታየት ብዙ ጊዜ «ደብልዩኤስዲዲ» የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ይፈልጋል። ስለዚህ ስም መጠበቁን ትተው በቁጥር ይሞክሩ። ከሊኑክሱ የዋይፋይ ሴቲንግ ላይ አድራሻውን ያንብቡ፣ 192.168.1.20 ነው እንበል። ዊንዶውሱ ላይ የዊንዶውስ ቁልፍንና አርን አብረው ይጫኑና \\192.168.1.20 ብለው ይጻፉ። ማክ ላይ ፋይንደር ውስጥ ኮማንድና ኬን ተጭነው ኤስኤምቢ የሚሉትን ሦስት ፊደላት በላቲን፣ ከዚያ ://192.168.1.20 ያስገቡ። በቁጥር ከተከፈተ የቀረው የስም ጉዳይ ብቻ ነው፤ ፋየርዎሉንም ፓስወርዱንም አይንኩ።

«ዎርክግሩፑን አንድ ዓይነት አድርጉት» የሚለው የድሮ ምክር ዛሬ ፎልደር አያስከፍትም። ሆምግሩፕ የሚባለው የዊንዶውስ የቤት ውስጥ መጋሪያም እ.ኤ.አ. በ2018 ከዊንዶውስ 10 ወጥቷል፤ አይፈልጉት።

በአንድ ቤት ሁለት ኔትወርክ

የመንዝም ሆነ የደብረ ብርሃን ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ዋይፋይን በደንብ አያሳልፍም። ስለዚህ ብዙ ሰው ሁለተኛ ራውተር ገዝቶ ጓዳ ያስቀምጣል። የመጀመሪያው ራውተር ኬብል ሁለተኛው «ዋን» በሚባለው ቀዳዳ ከገባ ግን ሁለተኛው የራሱን ኔትወርክ ይፈጥራል፤ አንዱ ኮምፒውተር 192.168.100.5፣ ሌላው 192.168.1.7 ይሆናል። ኢንተርኔቱ ለሁለቱም ስለሚሠራ ማንም አይጠረጥርም። መፍትሔው የሁለተኛውን ራውተር አድራሻ ከመጀመሪያው ጋር ወደማይጋጭ የዚያው ኔትወርክ ቁጥር መቀየር፣ አድራሻ የሚያድለውን «ዲኤችሲፒ» የሚለውን ማጥፋት፣ ኬብሉንም ወደ «ላን» ቀዳዳ ማዛወር ነው። የእንግዳ ዋይፋይ ላይ ያለ ኮምፒውተርም ሌሎቹን አያይም፤ ሆን ተብሎ እንዲህ ተሠርቷል። ቪፒኤን ክፍት ከሆነ ለሙከራው ይዝጉት።

በነገራችን ላይ፣ ፓኬጅ ያልቅብኛል ብሎ መፍራት አያስፈልግም። ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት የሚያልፍ ፋይል ራውተሩ ላይ ዞሮ ይመለሳል እንጂ ኢንተርኔት አይወጣም።

ዊንዶውሱን «ፐብሊክ» ላይ መተው

አዲስ ዋይፋይ ሲገናኝ ዊንዶውስ 11 ቤትዎንም እንደ ካፌ ይቆጥረዋል፤ ፋየርዎሉ ከውጭ የሚመጣውን ይዘጋል። «ሴቲንግስ»፣ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት»፣ ከዚያ የዋይፋዩ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ ገብተው «ፕራይቬት» ያድርጉት። ፋየርዎሉን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት መፍትሔ አይደለም። ኡቡንቱ ላይ ፋየርዎል አብርተው ከሆነ ለሳምባ የቲሲፒ ፖርት 445 መከፈት አለበት። ፒንግ (ሌላው ኮምፒውተር መኖሩን የሚጠይቀው ትእዛዝ) መልስ ስላልሰጠም ተስፋ አይቁረጡ፤ ፋየርዎል ፒንግን ብቻ ሊዘጋ ይችላል።

ፒንን እንደ ፓስወርድ መቁጠር

ብዙ ሰው የሚጣበቀው እዚህ ነው። ዊንዶውሱን ሲከፍቱ የሚያስገቡት ባለ አራት አኃዝ ፒን ለዚያ ማሽን ብቻ ነው፤ በኔትወርክ አይሠራም። በማይክሮሶፍት አካውንት ከገቡ ሌላው ኮምፒውተር የሚጠይቅዎት ሙሉ ኢሜይልዎንና የዚያን አካውንት ፓስወርድ ነው። ፓስወርድ የሌለው አካውንትም አያዋጣም፤ ዊንዶውስ ባዶ ፓስወርድን ከማሽኑ ፊት ለተቀመጠ ሰው ብቻ ይፈቅዳል። ቀላሉ ነገር ለፋይል መጋሪያ ብቻ የሚሆን አንድ ሎካል አካውንት (በዚያው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ያለ) መፍጠር ነው፤ ስሙ በላቲን፣ አጭር፣ ክፍተት የሌለው ይሁን፤ ፓስወርድ ይኑረው።

ሊኑክስ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ሳምባ የራሱ የፓስወርድ መዝገብ ስላለው የኡቡንቱ መግቢያዎን አያውቀውም። «ኤስኤምቢፓስወድ» በሚባለው ትእዛዝ ተጠቃሚውን አንድ ጊዜ መመዝገብ ግዴታ ነው። ማክ ላይ «ፋይል ሼሪንግ»ን ማብራት ብቻ አይበቃም፤ «ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብተው ከስምዎ ጎን ያለውን የዊንዶውስ ሳጥን ምልክት ያድርጉበት፤ ያኔ ፓስወርድዎን ይጠይቃል።

ፓስወርዱን አስተካክለው ዊንዶውሱ አሁንም እምቢ ካለ አሮጌውን አስታውሶ ይሆናል። «ክሬደንሻል ማናጀር» ውስጥ ገብተው የዚያን አድራሻ መዝገብ ያጥፉና ማሽኑን አስነሥተው እንደገና ይሞክሩ።

ለአሮጌው ዕቃ ብሎ ኤስኤምቢ 1ን ማብራት

ፍላሽ የሚሰካበት የድሮ ራውተር ወይም ዊንዶውስ ኤክስፒ ያለበት ማሽን አልከፈት ሲል «ኤስኤምቢ 1ን አብራ» የሚል ምክር ይመጣል፤ ኤስኤምቢ 1 ኮምፒውተሮች ፋይል የሚጋሩበት ቋንቋ የድሮ ስሪት ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የተሰራጨው በዚሁ በር ነው። ማይክሮሶፍት በዚያው ዓመት ከወጣው የዊንዶውስ 10 ዝማኔ ጀምሮ ከነባሪው አውጥቶታል፤ ሳምባም እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው 4.11 ስሪቱ አጥፍቶታል። ቫይረስ በፍላሽ ከፎቶ ኮፒ ቤት በሚመጣበት አገር ይህን በር መክፈት አይመከርም። ፋይሉን ከአሮጌው ዕቃ ላይ በፍላሽ አንሥተው ዕቃውን ማሰናበት ይሻላል።

እንግዳ ሆኖ ያለ ፓስወርድ መግባትም እየተዘጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው የዊንዶውስ 11 ፕሮ ዝማኔ እንግዳ መግባት ተዘግቷል፤ ልውውጡም በዲጂታል ፊርማ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። ትናንት ሲሠራ የነበረ ሼር ከዝማኔ በኋላ ከቆመ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው፤ መድኃኒቱም ከላይ የተባለው ሎካል አካውንት ነው።

አንዱን ፈቃድ ሰጥቶ ሌላውን መርሳት

ገብተው ማንበብ ችለው መጻፍ ካልቻሉ ሁለት በር እንዳለ ያስታውሱ። ዊንዶውስ ላይ የሼሩ ፈቃድና የፎልደሩ «ሴኩሪቲ» ፈቃድ አብረው ይታያሉ፤ የሚጸናው ጠበቅ ያለው ነው። ሳምባ ደግሞ ካልነገሩት በስተቀር ሼርን ለንባብ ብቻ ይሰጣል። ከ21.04 ስሪት ወዲህ በተጫነ ኡቡንቱ ላይ የተጠቃሚው ቤት ፎልደር ለሌላ ተጠቃሚ ዝግ ስለሆነ፣ የጋራውን ፎልደር ከዚያ ውጭ ማስቀመጥ ብዙ ልፋት ይቀንሳል።

«ወ/ሮ» እና «ዓ/ም» በፋይል ስም ውስጥ

አማርኛ ራሱ ችግር የለበትም፤ ሦስቱም ሥርዓቶች ፊደላችንን ያውቃሉ። ሁለት ነጥብም (፡) ሆነ ድርብ ሰረዝ (፤) ከላቲኑ ምልክት የተለዩ ስለሆኑ አይከለከሉም። ችግሩ በምህጻረ ቃላችን ውስጥ ያለው ያዘመመ መስመር (/) ነው። ማክ ፋይንደር «የደ/ብርሃን ፎቶ» የሚለውን ስም ይቀበላል፤ ዊንዶውስ ግን በስም ውስጥ አይቀበለውም፣ ስለዚህ ሲሻገር ያስቸግራል። ሊኑክስም አይቀበለውም። * ? " < > | እና የላቲኑ : ለዊንዶውስ ክልክል ናቸው፤ ሊኑክስ ግን ዝም ብሎ ያስቀምጣቸዋል፣ ፋይሉ ከሌላው በኩል ሲፈለግ ያስቸግራል። በመስመሩ ፈንታ ነጥብ ያድርጉ፦ ወ.ሮ፣ ደ.ብርሃን።

መብራት ሲመለስ የሚቀየረው አድራሻ

መብራት ሄዶ ሲመለስ ራውተሩ አድራሻዎችን እንደገና ሊያድል ይችላል፤ ትናንት 20 የነበረው ዛሬ 23 ይሆናል፣ ከዚያ አድራሻ ጋር ያያያዙት ድራይቭም ይጠፋል። ራውተሩ ውስጥ ገብተው (አድራሻው ከሥሩ ተለጥፏል) ፋይል ሰጪው ኮምፒውተር ሁልጊዜ አንድ ቁጥር እንዲያገኝ ያስይዙለት።

ሌላው የመብራት ጣጣ ሰዓት ነው። የዴስክቶፑ ትንሽ ባትሪ (ሲአር 2032) ከደከመ ሰዓቱ ይበላሻል። ዊንዶውስና ሊኑክስ በአንድ ማሽን ላይ ከተጫኑ ደግሞ ልክ 3 ሰዓት ሊለያዩ ይችላሉ፤ ሊኑክስ በማሽኑ ውስጥ የግሪኒች ሰዓት ስለሚያስቀምጥ ነው እንጂ ከሐበሻ ሰዓት ጋር አይገናኝም፤ ያ ልዩነቱ 6 ነው። «አዲሱን ፋይል አስቀር» የሚል ማመሳሰያ ከተጠቀሙ በተሳሳተ ሰዓት የተጻፈው አዲስ ሥራ በአሮጌው ሊተካ ይችላል።

ትልቁን ፋይል በዋይፋይ መጎተት

20 ጊጋባይት የሰርግ ቪዲዮ በድንጋይ ግድግዳ በኩል ሲሄድ መሃል ላይ ይቋረጣል፤ ከዚያ ሶፍትዌሩ ይወቀሳል። ኬብል ያድርጉ። 100 ሜጋቢት የሆነ የራውተር ቀዳዳ በሰከንድ 11 ሜጋባይት ያህል ያሳልፋል፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሁለቱም ላይ ጊጋቢት ካለና ኬብሉ ካት 5ኢ ከሆነ እስከ 110 ሜጋባይት ይደርሳል። ራውተር ከሌለ ሁለቱን ኮምፒውተሮች በአንድ ኬብል በቀጥታ ያገናኙ፤ አዳዲሶቹ ልዩ ኬብል አይጠይቁም። ለአንዱ 10.0.0.1፣ ለሌላው 10.0.0.2፣ ለሁለቱም በ«ሰብኔት ማስክ» ቦታ 255.255.255.0 በእጅ ያስገቡ። ዊንዶውስ ይህን «የማይታወቅ ኔትወርክ» ብሎ ወደ ፐብሊክ ስለሚመልሰው ፋየርዎሉ ላይ ለዚህ ግንኙነት የፋይል ሼሪንግን ፈቃድ መስጠት ይኖርብዎታል፤ ላፕቶፑም ፋይሉ ሳያልቅ እንዳይተኛ የእንቅልፍ ሰዓቱን ያጥፉ።