የልጅነታችንን ቴሌቪዥን በጥያቄና መልስ፦ ለቤተሰብ ምሽት

ዘመድ አዝማድ ለበዓል ጅማ ሲሰባሰብ ወሬው ዞሮ ዞሮ «ያን ፕሮግራም ታስታውሳላችሁ?» ላይ ይደርሳል። እዚያው አታስቀሩት፣ ጥያቄና መልስ አድርጉት። የሚያምረው ግን ሁሉም የሚመልሰው ነገር ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ከጥያቄው በፊት ቡድኑን አስቡ።

በዕድሜ አትከፋፍሉ። አንድ ሳሎን ውስጥ ሦስት ዓይነት ተመልካች አለ። አንቴና እያዞረ ኢቲቪን ብቻ ያየ፣ ዲሽ ከገባ በኋላ በዓረብ ጣቢያዎች ያደገ፣ እና «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን እያየ ፊደል የቆጠረ። እያንዳንዱ ቡድን ከሦስቱም ይኑረው። ያኔ ሄርማታ ያደገችው አክስት ያላየችውን የእህቷ ልጅ ያውቀዋል፣ እሱ ያልደረሰበትን ደግሞ እሷ ትነግረዋለች። ጨዋታው ራሱ ይሄ ነው።

በአባባ ተስፋዬ ጀምሩ። ሌላ መጀመሪያ አይታየኝም። ኢቲቪ በ1957 ዓ.ም. ስርጭት ሲጀምር ጀምሮ ለ42 ዓመት ያህል ለልጆች ተረት ያወሩ ሰው ናቸው፣ አያትም እናትም ልጅም እኩል የሚያውቋቸው እሳቸውን ነው። «የልጆች ፕሮግራም አቅራቢ ማን ነበሩ?» ብላችሁ ግን አትጠይቁ፣ ያንን ሁሉም ያውቃል። ሰላምታቸውን ግማሽ ላይ አቁሙት፦ «ጤና ይስጥልኝ ልጆች...»፣ ከዚያስ? «የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች!» የሚለው ከየአቅጣጫው ይመጣል። ቤቱ ሲሞቅ ከበድ ያለውን አምጡ። ሴቶች ወደ መድረክ በማይወጡበት ዘመን ምን ሆነው ይተውኑ ነበር? ሴት ሆነው። የኢትዮጵያን ወታደሮች ለማዝናናት የት አገር ሄደው ነበር? ኮሪያ። ጥያቄ ሲባል እንዲህ ነው፤ ሰውየውን እናውቃለን ብለን የማናውቀውን ይነግረናል።

ለዲሹ ትውልድ ካፒቴን ማጂድን አንሱ። የኳስ ካርቱን ነው፣ በዓረብኛ ያየው ሁሉ ይወደዋል። ዋናው ሥራ ግን የጃፓን ነው፣ የልጁም ስም ጹባሳ ነው። ቶም ኤንድ ጄሪ በአውሮፓውያኑ 1940 ሲጀመር ድመቱ ቶም አይባልም ነበር፣ ጃስፐር ነበር። ሚስተር ቢንን ቪዲዮ ቤት ተጋፍተው ያዩ ሰዎች ክፍሎቹ መቶ የሚሆኑ ይመስላቸዋል፣ ግን 15 ብቻ ናቸው። ተዋናዩ ሮዋን አትኪንሰን ኦክስፎርድ የተማረው ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ መሆኑን ስትነግሯቸው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኢንጂነሪንግ የሚማሩት ልጆች ደስታቸውን ማየት ነው።

ለትንንሾቹ የፀሐይ ጥያቄ ይበቃል። ምን ዓይነት እንስሳ ናት? ቀጭኔ። ስንት ዓመቷ ነው? 6። ለትልልቆቹ ደግሞ ፕሮግራሙ በአውሮፓውያኑ 2008 ያገኘው ሽልማት ከየት አገር ነው በሉ። የጃፓን ፕራይዝ ነው። የአፋን ኦሮሞውን የኢቲቪ ክፍለ ጊዜም አትርሱ፣ ጅማ ላይ ስንቱ ሰው የሚያስታውሰው እሱን ነው፤ ጥያቄውንም በአፋን ኦሮሞ ጠይቁት።

ዓመተ ምህረት ላይ ተጠንቀቁ። «መቼ ተጀመረ?» ካላችሁ በእኛ ነው በአውሮፓ የሚለውን አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ አለዚያ የ7 እና የ8 ዓመቱ ልዩነት ምሽቱን በክርክር ይጨርሰዋል። መልሱን ከእነማስረጃው ቀድማችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ። ሰው በልጅነት ትዝታው ላይ ሲከራከር አይሸነፍም፣ እሱም «እኔ በዓይኔ አይቻለሁ!» ነው የሚለው።

የድምፅ ዙር ይኑራችሁ። የድራማና የዜና መክፈቻ ሙዚቃዎችን ስልክ ላይ ጫኑ፣ 5 ሴኮንድ ብቻ አሰሙና አቁሙ። «ሰው ለሰው»ን በሙዚቃው ለይቶ «አስናቀ!» የማይል ሰው የለም፣ አበበ ባልቻን ማን ይረሳል። ይህ ዙር መብራት ቢሄድም አይቋረጥም፣ ስለዚህ ስልኩን ቀድማችሁ ቻርጅ አድርጉ።

ነጥብ በጥሬ ቡና ፍሬ ቁጠሩ። ቡና የሌለው ቤት ጅማ የት አለ? አንድ መልስ አንድ ፍሬ። ሁለተኛው ጀበና ሲቀርብ የድምፁን ዙር ጀምሩ።

እኩል ከወጡ ከየቡድኑ አንድ ሰው ይነሳና ከአባባ ተስፋዬ የሰማውን ተረት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይናገር። ዳኞቹ ቤት ያሉት ሕፃናት ይሁኑ።