የቤት ውሃ ማጣሪያ ስታስገጥሙ ባይፓስ ይኑረው

ለመላው ቤት የሚሆን የውሃ ማጣሪያ የሚገባው ከዋናው መዝጊያ በኋላ፣ ከቦይለሩ በፊት ነው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን ባይፓሱን፣ ማለትም ውሃው ማጣሪያውን ሳይነካ በጎን የሚያልፍበትን ቱቦ ነው። ከማጣሪያው በፊትና በኋላ አንድ አንድ ቫልቭ፣ በባይፓሱ ላይ ደግሞ ሦስተኛ አስገቡ። ያኔ በማጣሪያው ውስጥ ያለው ፊልተር ሲቀየር ቤቱ ውሃ አያጣም። እኔ ያለዚህ ባታስገጥሙት እመርጣለሁ።

ከማጣሪያው ሥር ክፍት ቦታ ተዉ፤ ፊልተሩ የሚቀመጥበት የታችኛው መያዣ ተፈቶ የሚወጣው ወደ ታች ነው። የማጣሪያው አናት ላይ ያለችው ቀስት የውሃውን አቅጣጫ ትከተል። መያዣው ውሃ እንዳያፈስ የምታሽገውን የጎማ ቀለበት ሲልከን ግሪስ በስሱ ቀቧት። ቫዝሊን ይቅርባችሁ፣ ጎማውን ሊያሳብጠው ይችላል። መያዣውን በእጅ አጥብቁት፤ በቁልፍ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ይሰነጠቃል። አዲስ የካርቦን ፊልተር መጀመሪያ ጥቁር ውሃ ቢያወጣ አትደንግጡ፣ እስኪጠራ አፍስሱት።