አሬይ ስትገለብጡ እባካችሁ እነዚህን ስህተቶች ተዉ

አራት ኪሎ ካፌ ውስጥ ማኪያቷቸውን እያስቀዘቀዙ ኮድ የሚለማመዱ ልጆች አሉ፣ ጎናቸው በተቀመጥኩ ቁጥር አሬይ (በተራ የተደረደረ የዳታ ዝርዝር) ሲገለብጡ የማየው ያንኑ ስህተት ነው።

ሉፑን (ተደጋጋሚውን ዙር) እስከ መጨረሻ መውሰድ። ዳርና ዳር ያሉትን እያቀያየርክ መጥተህ ግማሽ ላይ ካልቆምክ የገለበጥከውን መልሰህ ትገለብጠዋለህ፣ ከዛ ፕሪንት ስታደርገው ያው የድሮው አሬይ ይመጣና "አልሰራም" ትለኛለህ። ሰርቷል እኮ፣ ሁለቴ ነው የሰራው! ርዝመቱን ለ2 አካፍል፣ ጎዶሎ ከሆነ የመሃሉን አትንካው።

ኢንዴክስ (የቦታ ቁጥር) ከ0 ስለሚጀምር 5 ነገር ካለ የመጨረሻው 4 ነው። ይቺን 1 መቀነስ የረሳ ሰው ጃቫ ላይ ኤክሴፕሽን (የስህተት መልእክት) ይጮህበታል፣ ጃቫስክሪፕት ላይ ግን አንዲፋይንድ (ዋጋ ያልተሰጠው ባዶ) ዝም ብሎ ገብቶ ይቀመጣል።

አሁን ወደሚያናድደኝ። ጃቫስክሪፕት ላይ ሪቨርስ የሚባለው መገልበጫ ኮፒ አይሰጥህም፣ ኦሪጅናሉን ራሱን ነው የሚገለብጠው፣ ያንኑ መልሶ ስለሚሰጥህ ደሞ አዲስ ቫሪያብል ውስጥ ስትከተው አዲስ አሬይ ይመስልሃል። ካዛንቺስ አንድ ቢሮ ሰራተኞቹ "አዲሱ ክፍያ አንዴ ላይ አንዴ ታች ይሆንብናል" ይላሉ፣ ልጆቹ ሰርቨሩን ጠረጠሩ፣ ዳታቤዙን ጠረጠሩ፣ ኔትወርኩንም ሰደቡ (እሱ መቼም ስድብ ለምዷል)፣ ለካ ገጹ በሪአክት (የጃቫስክሪፕት ገጽ መስሪያ) የተሰራ ነው፣ ኮምፖነንቱ (የገጹ ክፍል) ሬንደር ባደረገ፣ ማለትም እንደገና በተሳለ ቁጥር አንዲት የሪቨርስ መስመር ከላይ የመጣለትን አሬይ ትገለብጠዋለች፣ በሚቀጥለው ሬንደር መልሳ ታቃናዋለች። አንዲት መስመር! መጀመሪያ በስላይስ ኮፒ አድርግ፣ ከዛ ገልብጥ። እንደ ፈረንጆቹ በ2023 ስታንዳርድ ውስጥ የገባው ቱሪቨርስድም አለ፣ ኦሪጅናሉን አይነካም፣ አሮጌ ብራውዘር ላይ ግን አይሰራም።

ፓይተን ላይ የሊስቱ ሪቨርስ የሚመልሰው ኖን (ባዶ) ነው፣ ውጤቱን እዛው ቫሪያብል ላይ ከመለስከው ዳታህን ቻው በለው።

ጃቫ ላይ የኢንት (ሙሉ ቁጥር) አሬይን አሬይስ አዝሊስት (አሬይን ወደ ሊስት መቀየሪያ) ውስጥ ከተው ኮሌክሽንስ ሪቨርስ (ሊስት መገልበጫ) የሚሉ አሉ፣ ኤረር የለም፣ ለውጥም የለም፣ ምክንያቱም ሊስቱ ውስጥ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ራሱ አሬዩ።

ጽሁፍም ስትገለብጡ ተጠንቀቁ። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ጽሁፍ ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጥበት ስልት) 3 ባይት ይይዛል፣ የፒኤችፒ ጽሁፍ መገልበጫ ስትርሬቭ ደሞ ባይት በባይት ስለሚገለብጥ "ሰላም" ብለህ ብታስገባ የማይነበብ ዝባዝንኬ ነው የሚወጣው። በእንግሊዝኛ ብቻ ቴስት አድርጎ "ይሰራል ጋሼ" የሚለኝ ልጅ አለ፣ ጎበዝ ነው፣ እወደዋለሁ፣ ግን ሲስተሙን የሚጠቀመው መርካቶ ያለ ነጋዴ ነው፣ እሱ ስሙን በአማርኛ ነው የሚጽፈው።