«ባንክ» ሁልጊዜ ብር አይደለም፦ ብዙ ትርጉም ያለውን የእንግሊዝኛ ቃል እንዴት እንያዘው?

ልጅ ሆኜ ሬድዮ ላይ «ዌስት ባንክ» ሲባል ደጋግሜ እሰማ ነበር። እውነቴን ነው፣ ሰዎቹ የተጣሉት በብር ነበር የሚመስለኝ። አንድ ትልቅ ባንክ አለ፣ ሁለት ወገን የኔ ነው የኔ ነው ይባባላል ብዬ። የዮርዳኖስ ወንዝ ምዕራባዊ ዳርቻ ማለት እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ዛሬ በዚችው ቃል እንማር። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሃያ ትርጉም ተሸክሞ ሲመጣባችሁ ዝርዝሩን ለመሸምደድ አትቀመጡ። በሳምንቱ ይጠፋል።

መጀመሪያ መዝገበ ቃላት ክፈቱና ቃሉ ስንት ቦታ እንደተጻፈ እዩ። እንደ ኦክስፎርድ ያሉት ባንክን አንዴ ጽፈው አይተዉትም። ጫፉ ላይ ትንሽዬ 1፣ 2 ቁጥር እያደረጉ ለየብቻ ያስቀምጡታል። ብዙ ሰው ያቺን ቁጥር አያያትም፣ ቁልፉ ግን እሷ ናት። ቁጥሩ ከተለየ ቃላቱ ወደ እንግሊዝኛ የገቡት በተለያየ መንገድ ነው፣ መልካቸው ነው የተመሳሰለው። እኛም ጋ «ገና» አለ፤ በዓሉ ገና እና «ገና አልመጣም» የምንለው ገና ሲጻፉ አንድ ናቸው፣ ግን ማን ያምታታቸዋል? በአንድ ቁጥር ሥር የተደረደሩት ትርጉሞች ግን ወንድማማች ናቸው፣ እንደ «ያዘ»። ሌባ ይያዛል፣ ጉንፋን ይይዛል፣ ቀጠሮ ይያዛል፣ ታክሲ ይያዛል፣ ስልክም ይያዛል። ይህን ማናችንም ሸምድደን አላወቅነውም።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ ሥዕል ፈልጉ። ሥዕሉ ያለው ሁላችንም የምንዘላት የቃሉ አመጣጥ የተጻፈባት መስመር ላይ ነው።

የወንዙ ባንክ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከስካንዲኔቪያ ቋንቋዎች ነው። ሥዕሉ ከፍ ያለ የአፈር ቁልል ወይም ተዳፋት ነው። እሱን ከያዛችሁ ሌላው ይከተላል፤ የጭጋግ ክምር ባንክ ነው፣ አውሮፕላን ሲታጠፍ አንድ ክንፉን ዝቅ አድርጎ እንደ ተዳፋት ሲያዘነብልም ባንክ አደረገ ይባላል። እኔ በጣም የምወደው ግን እሳት ባንክ ማድረግን ነው። እናቶቻችን ማታ ፍሙን አመድ ከምረውበት የሚያሳድሩት፣ መዳፈን የምንለው ማለት ነው።

የብሩ ባንክ ደግሞ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ የጣልያንኛ ቃል ነው። «ባንካ» አግዳሚ ነው፤ ገንዘብ መንዛሪዎች ሳንቲማቸውን ዘርግተው የሚሠሩበት። እዚህ ላይ እኛ ዕድለኞች ነን፣ ምክንያቱም ባንኮኒ አለን! ቡና ቤት ገብታችሁ ክርናችሁን የምታስደግፉበት ባንኮኒ ከዚያው ከጣልያንኛ የተወረሰ የቅርብ ዘመድ ነው። ስለዚህ ባንክ ሲባል ባንኮኒ ይታያችሁ። የከሰረ ማለት የሆነው «ባንክራፕት»ም «ባንካ ሮታ» ከሚለው ነው፣ የተሰበረ አግዳሚ። ቁማር ቤት የሚያጫውተው ወገን ገንዘብም ባንክ ይባላል፣ «ብሬክ ዘ ባንክ» ከዚያ ወጥቶ ዛሬ ኪስ ማራቆት ሆኗል። ቃሉ እየሰፋ ሲሄድ ለኋላ የሚቀመጥ ነገር ሁሉ ባንክ አገኘ፦ ደም ባንክ፣ ቦርሳችሁ ውስጥ ያለው ፓወር ባንክ።

ደርድረው የተተከሉ ሊፍቶችም ባንክ ይባላሉ፤ እሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሌላ ባንክ ነው፣ ሥዕሉም የመርከብ ቀዛፊዎች ተደርድረው የሚቀመጡበት አግዳሚ ነው፤ በእሱ ብዙ አትድከሙ።

(ነገሩን በጣም ወደ ኋላ ከጎተታችሁት ሁሉም አንድ ጥንታዊ የጀርመን ቋንቋዎች ሥር ላይ ይገናኛሉ፤ «ቤንች»ም እዚያው ነው። ለመማር ግን ለያይታችሁ ያዟቸው።)

ቀጥላችሁ የቃሉን ጎረቤቶች እዩ። ባንክ ግስ ሆኖ «ኦን» ከተከተለው መተማመን ነው፤ «ዶንት ባንክ ኦን ኢት» ያላችሁ ሰው በሱ እንዳትመኩ እየነገራችሁ ነው እንጂ ስለ ሒሳብ ደብተር አያወራም። «ኦን ዘ ባንክ» ከሆነ ወንዙ ዳር ናችሁ፣ «አት ዘ ባንክ» ከሆነ ወረፋ ላይ። ለንደን ያላችሁ ደግሞ በባቡር ልትለማመዱት ትችላላችሁ። ኖርዘርን መስመር ላይ ባንክ የሚባል ጣቢያ አለ፣ ስሙ በ1694 ከተቋቋመው የእንግሊዝ ባንክ የመጣ ነው። በዚያው መስመር ኢምባንክመንት የሚባልም አለ፣ እሱ ቴምስ ወንዝ ዳር ነው። ሳውዝ ባንክ ብላችሁ ብር ልታወጡ ብትሄዱ የሚጠብቃችሁ ወንዝና ቲያትር ቤት ነው።

በመጨረሻ ለእያንዳንዱ ሥዕል ከራሳችሁ ኑሮ አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። የመዝገበ ቃላቱን አትገልብጡ፣ የሰው ዓረፍተ ነገር አይጣበቅም። አያታችሁ የዳፈኑት እሳት፣ ልጅ ሆናችሁ የዋኛችሁበት ወንዝ ዳር፣ ወር ሲያልቅ ባዶ የሚሆነው ሒሳባችሁ።

ከቻላችሁ ዛሬ ማታ «ስፕሪንግ»ን ሞክሩ። የውሃ ምንጭ ነው፣ ጸደይ ነው፣ የፍራሽ ሞላ ነው፣ መዝለልም ነው። መዝገበ ቃላቱን ከመክፈታችሁ በፊት አራቱን የሚያስተሳስረውን ሥዕል ገምቱ።