የፋሲካውን በግ ራስ ቅል ከነቀንዱ አጽድቶ ግድግዳ ላይ መስቀል

ለፋሲካ ከቅዳሜ ገበያ ቀንዱ የተጠማዘዘ ወጠምሻ በግ እየጎተታችሁ ትመጣላችሁ። ሥጋው በሁለት ሦስት ቀን ያልቃል፣ ቆዳው ይሸጣል። ጭንቅላቱ አጥር ጥግ ይጣልና ሌሊት ውሻና ጅብ ይሻማበታል። እኔን ቀንዱ ያሳሳኛል። ለዚህ ነው አጽድቼ መስቀል የጀመርኩት።

በፈቃድ ለታደነ ድኩላም ሆነ አጋዘን አሠራሩ ያው ነው። ጎንደር ውስጥ ስለ ቀንድ ሲወራ ግን ዋልያን የሚያነሳ ሰው አይጠፋም። ዋልያ በተፈጥሮ ከስሜን ተራሮች ሌላ አገር የለውም። መግደሉ ቀርቶ ቀንዱን ይዞ መገኘትም በሕግ ያስጠይቃል። አርፋችሁ በበግ ተለማመዱ።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሜዳ ላይ ሞቶ ያገኛችሁትን ከብት ወይም አውሬ ራስ አትንኩ። በአባ ሰንጋ ሞቶ ከሆነ በሽታው በአጥንትም በአፈርም ለብዙ ዓመት ይቆያል። ጤነኛ ሆኖ የታረደውን ብቻ ውሰዱ፤ ጓንትም አድርጉ።

መጀመሪያ ግፈፉት። በስለታም ቢላዋ ቆዳውን፣ ዓይኑን፣ ምላሱንና የጉንጩን ሥጋ አውጡ። መንጋጋውን ለዩት። ሥጋው ሁሉ ካልወጣ ብላችሁ አጥንቱን አትፋቁ፤ የቢላዋ ጭረት አይጠፋም። አንጎሉ የሚወጣው ከኋላ፣ አከርካሪው ከሚገባበት ቀዳዳ ነው። ጫፉ የታጠፈ ሽቦ አስገብታችሁ አማስሉት፣ ከዚያ ውኃ እየጨመራችሁ ነቅንቁና ድፉት። ደስ የሚል ሥራ አይደለም። ለአንድ ሌሊት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ብትዘፈዝፉት ደሙ ይለቃል።

ቀጥሎ እሳት። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም የመጀመሪያዬን ያበላሸሁት እዚሁ ነው። እንደ ቅቅል ሙሉ ቀን አንተከተክሁት። ስቡ አጥንቱ ውስጥ ሰርጎ ገባ፣ የአፍንጫው ስስ አጥንት ተፈታ፣ ጥርሱ ተሰነጠቀ። ጎንደር ከፍታዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። እሱም ቢሆን ለአጥንት ብዙ ነው። ከሰሉን ቀንሱት። ውኃው ይሙቅ፣ እንፋሎት ይውጣው፣ ግን አይንተክተክ። ትንሽ ላርጎ ጨምሩበት። በየግማሽ ሰዓቱ እያወጣችሁ የላላውን ሥጋ በአሮጌ የጥርስ ቡሩሽ አንሱ። ለበግ ሁለት ሦስት ሰዓት ይበቃል። ድስቱ ለዚህ ብቻ የተመደበ ይሁን። እናቴ የኔን አይታ «ይሄ ድስት ከእንግዲህ ጓዳዬ እንዳይገባ» ብላ ጨርሳለች።

ቀንዱ ውኃ ውስጥ አይግባ። የበግ፣ የፍየል፣ የበሬና የድኩላ ቀንድ ሁለት ነገር ነው። ውጭው ከጥፍራችን ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ሽፋን ነው፣ ውስጡ ደግሞ አጥንት። የዋንጫ ሠሪ እጅ የሚገባው ሽፋኑ ነው። ሙቀት ሲነካው ይላጣል፣ ቀለሙም ይደበዝዛል። ስለዚህ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከውኃው በላይ አስቀሩት። እንፋሎቱ ሲያላላው በጨርቅ ያዙና እያጠማዘዛችሁ ሳቡት። እምቢ ካለ ሥሩን በጨርቅ አርጥቡና ለጥቂት ቀን ተዉት። ግራና ቀኙን ምልክት አድርጉ። የውስጡን አጥንት ካላጸዳችሁ ከወር በኋላ ሽታው ከቤት ያስወጣችኋል።

አሁን ስቡን ማውጣት ይቀራል። ንጹሕ መስሎ የሰቀላችሁት ራስ ቅል በኋላ ቢጫ ሆኖ የሚያብረቀርቀው በዚህ ነው። ለብ ያለ ውኃ ከላርጎ ጋር ባልዲ ውስጥ አድርጉና ዘፍዝፉት። ውኃው ሲደፈርስ ቀይሩ። ለዳግማይ ትንሣኤ ከደረሰላችሁ ዕድለኛ ናችሁ፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቀኑን አስቡበት። ባልዲው ክዳን ይኑረው፣ ላዩ ላይም ድንጋይ ጫኑበት። አንዱን መንጋጋ የጎረቤት ውሻ ወስዶብኛል።

ለማንጣት በረኪና እንዳትነኩ። ዕለቱን ያነጣል፣ ቀስ እያለ ግን አጥንቱን ይበላና እንደ ኖራ ያረግፈዋል። ፋርማሲ የሚሸጠው ባለ 3 ፐርሰንት ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ይሻላል። በፕላስቲክ ዕቃ አንድ ሁለት ቀን ዘፍዝፉት፤ ክዳኑን ግን አታጥብቁት፣ ጋዝ ያወጣል። ቀንዱን አይንካው።

ጥላ ሥር አድርቁት። የወለቀ ጥርስ በሱፐር ግሉ ይመለሳል። ከላይ የፊት ጥርስ አጣሁ ብላችሁ ባልዲ አትፈልጉ፤ በግ ከላይ የፊት ጥርስ ኖሮትም አያውቅ። ቀንዱን በቦታው በኮላ አጣብቁ፣ ትንሽ ዘይት በጨርቅ ቀቡት። ከዚያ አናጢ ጋ ሄዳችሁ የዋንዛ ቁራጭ አስልጉና ከኋላው ቀዳዳ በሽቦ እሰሩት።

ሚስማሩ ጠንከር ያለ ይሁን። ክረምት ላይ ከቀንዱ ሥር ብናኝ ዱቄት ካያችሁ ብል ገብቶበታልና አውርዱት።