አዲስ አበባ ላይ ሳትሸወዱ አሪፍ ምግብ እንዴት ትበላላችሁ

ከውጭ ለእረፍት የመጣ ዘመድም ሆነ ከክፍለ ሀገር ለስራ የገባ ጓደኛ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "አሪፍ ምግብ ቤት ንገረኝ" ብሎ ነው። እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቀዋለሁ፣ ምን አማረህ? ስንት ሰዓት ላይ? ዛሬ ደሞ ረቡዕ ነው ሐሙስ? ምክንያቱም እዚህ ከተማ ላይ ለሁሉም ነገር አሪፍ የሆነ ቤት የለም፣ አንድ ነገር በአንድ ሰዓት አሳምሮ የሚሰራ ቤት ነው ያለው። ጠዋት ፉሉ የሚያስለቅስ ቤት ማታ ሄዳችሁ ጥብስ ብታዙ ታዝናላችሁ። ሜኑው ላይ ፒዛም በርገርም ክትፎም አሳም ሩዝም ያለበት ቤት ካያችሁ፣ አስተናጋጁን "ሰው እዚህ የሚመጣው ለምንድነው?" ብላችሁ ጠይቁት። ቶሎ ከመለሰ እሱን እዘዙ፣ "ሁሉም አሪፍ ነው" ካለ ማኪያቶ ጠጥታችሁ ውጡ።

አንድ ነገር ከመጀመሬ በፊት። የድሮ አድራሻ ይዛችሁ አትሂዱ። በ2016 የፒያሳ ብዙው ክፍል ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ፈርሷል፣ በ2017 ደሞ ካዛንቺስ ተከተለ፣ እና እዛ የነበሩት ትናንሽ ቤቶች ከፊሎቹ ሌላ ሰፈር ገብተዋል ከፊሎቹ እስከነጭራሹ ጠፍተዋል። ከአምስት አመት በፊት የበላችሁበትን ሽሮ ቤት ፍለጋ ራይድ ጠርታችሁ ሄዳችሁ ሰፊ አስፋልትና አበባ ታገኛላችሁ ማለት ነው። ስልክ ካላችሁ ደውሉ፣ ከሌላችሁ እዛው አካባቢ ሊስትሮ የሚሰሩትን ልጆች ጠይቁ፣ የትኛው ቤት የት እንደገባ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሰዓት ስጽፍ ደሞ በኛ ሰዓት ነው፣ ዳያስፖራዎች እንዳትምታቱ።

ቁርስ

ቁርስ ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ነው፣ ከዛ በኋላ የምትበሉት የተረፈውን ነው። ፉል ከፈለጋችሁ መርካቶ ዙሪያ ያሉት የሙስሊም ቤቶች ጋ ሂዱ፣ አንዋር መስጊድ አካባቢ ወርዳችሁ ነጋዴው ሱቅ ሳይከፍት ቆሞ የሚበላበትን ቤት ስታዩ እዛ ግቡ በቃ። ባለ ሱቅ ሰው ሰዓትም ብርም አያባክንም፣ እሱ በየቀኑ የሚመላለስበት ቤት አያሳፍርም። ፉል ስፔሻል ስትሉ እንቁላል፣ እርጎ፣ አንዳንዴ አቮካዶም ይመጣበታል፣ እኔ ግን ኖርማሉን ነው የምወደው፣ ቃሪያና ሽንኩርት ተከትፎበት ዘይቱ ላዩ ላይ ፈሰስ ብሎ። ዳቦው ትኩስ መሆኑን ከማዘዛችሁ በፊት እዩ፣ የትላንት ዳቦ ከሆነ ፉሉ ምንም ቢጣፍጥ ዋጋ የለውም።

ፈጢራ እዛው ታገኛላችሁ፣ በእንቁላል ተሰርቶ ማር የሚፈስበት፣ አንዱን ለሁለት ብሉት። ጨጨብሳ ግን ሰው እየጠበቃችሁ ከሆነ አትዘዙ፣ በስርዓቱ የሚሰራ ቤት ቂጣውን የሚጋግረው ስታዙ ስለሆነ ትንሽ ያስጠብቃል። በሁለት ደቂቃ ከመጣላችሁ ጠዋት ተጋግሮ የተቀመጠ ነው።

ምሳ

ለምሳ የኔ ምርጫ ሽሮ ቤት ነው። ሁሉም ሰፈር አለ፣ ስም እንኳን የሌለው፣ በሩ ላይ መጋረጃ ብቻ ያለው። ጥሩውን የምትለዩት እንዲህ ነው፣ ተጋቢኖው ጠረጴዛ ላይ ከደረሰ በኋላም ሸክላው ውስጥ እየፈላ መሆን አለበት፣ ጠርዙ ላይ ትንሽ ያረረ ነገር ሲኖር ደሞ አሪፍ። ለብ ብሎ ከመጣ ከትልቅ ድስት ተጨልፎ ነው። ቦዘና ስጋ አለበት፣ ይሄን ፈረንጅ ይዛችሁ ስትሄዱ አስቡበት። ሌላው ብዙ ሰው የማያስተውለው፣ በፍስክ ቀን ተራው ሽሮም ቅቤ ሊገባበት ይችላል፣ ስለዚህ ስጋና የወተት ውጤት የማይበላ እንግዳ ካላችሁ "የጾም ይሁን፣ በዘይት" ብላችሁ አስረግጣችሁ እዘዙ።

በየአይነት ደሞ ረቡዕና አርብ ነው የሚበላው። ሌላ ቀን ጠፍቶ አይደለም፣ ግን በጾም ቀን ሁሉም ሰው እሱኑ ስለሚያዝ ወጡ አይቀመጥም፣ ሱፉም ስልጆውም አዚፋውም ትኩስ ነው። 6 ሰዓት ሳይሞላ ግቡ፣ 8 ሰዓት ላይ ከሄዳችሁ ጥቅል ጎመንና ቀይ ስር ብቻ ነው የሚጠብቃችሁ። ቁጭ ብሎ ቀስ እያሉ መብላት ከፈለጋችሁ ወይም የሰው አገር ሰው ካስከተላችሁ፣ ፒያሳ ጣይቱ ሆቴል የምሳ የጾም ቡፌው የታወቀ ነው። የከተማው የመጀመሪያ ሆቴል ነው፣ ጥር 2007 ላይ ተቃጥሎ ተጠግኗል፣ የእንጨቱ ወለል ሲረገጥ የሚያሰማው ድምፅ እራሱ ደስ ይላል። ምግቡ የከተማው ምርጥ ነው አልልም፣ ግን አንድ ሰሃን ላይ ሁሉንም አይነት ለማስቀመስ ከዛ የሚቀል ቦታ አላውቅም።

ከእንጀራ ለአንድ ቀን ማረፍ ከፈለጋችሁ ቦሌ ሚካኤል ሂዱ። የሱማሌ ቤቶቹ እዛ ናቸው፣ ሩዝ በፍየል ስጋ ከነሙዙ ይመጣላችኋል፣ ሙዙን ለመጨረሻ አታስቀምጡት፣ ከሩዙ ጋር እየቆረሳችሁ ነው የሚበላው። የግመል ወተትም አለ፣ ለለመደው። የሚመጣው ሰሃን ትልቅ ስለሆነ ለሁለት ሰው አንድ አዛችሁ ከዛ ጨምሩ።

ስጋ

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው በብዛት የሚሸወደው ስጋ ላይ ነው።

ቁርጥ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ አትቀመጡ። ቀጥታ ወደ ልኳንዳው፣ የተሰቀለውን ስጋ እዩ፣ የቄራ ማህተሙን እዩ፣ ቆራጩን ሰላም በሉት። ቁጭ ብላችሁ በአስተናጋጅ "አንድ ኪሎ ቁርጥ" ካላችሁ የሚመጣው ቆራጩ ሊያስወጣው የፈለገው ነው። ቆማችሁ "ከዚህ ጋ፣ ቀዩን፣ ከሻኛ ደሞ ትንሽ ጣል አድርግበት" ካላችሁ ሌላ ነገር ነው የምትበሉት። ሻኛ ጮማ ነው፣ ለብቻው ይከብዳል፣ ከቀይ ጋር ግን በአዋዜ... ተዉት። ጀማሪ ከሆናችሁ ግማሽ ኪሎ ለሁለት ሰው በቂ ነው፣ ሩቡን ጥሬ ሩቡን ጥብስ አድርጉት። ለጥብስ ሽንጥ በሉ፣ ጎድን ጥብስ ከሆነ ደሞ አጥንቱ ሚዛኑን እንደሚወስደው አስባችሁ ጨመር አድርጉ። ሚዛኑንም በአይናችሁ እዩ፣ ማንም አይቀየማችሁም።

ጥሬ ስጋ ኮሶ ያመጣል፣ ይሄ ወሬ አይደለም እውነት ነው። እርጉዝ የሆነች ሴት ደሞ ጭራሽ አትንካው፣ ደህና አድርጎ የበሰለ ጥብስ አለላት።

ሰፈር ካላችሁኝ ቄራ ዙሪያ ስጋው ቅርብ ነው፣ ቤቶቹ ግን ለፎቶ አይሆኑም። መኪና ካላችሁና ቅዳሜ ወይ እሁድ ከሆነ ደሞ የአዲስ አበባ ሰው እንደሚያደርገው ወደ ዱከም ወይ ወደ ቢሾፍቱ ውጡ፣ ዱከም 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ዋናው መንገድ ግራና ቀኙ ቁርጥ ቤት ነው። በዋናው መንገድ ስትመለሱ የእሁድ ማታው ትራፊክ ግን የበላችሁትን ያስረሳችኋል፣ ከ10 ሰዓት በፊት ተነሱ።

ክትፎ ሌላ ትምህርት ነው። ክትፎ ከጉራጌ ቤት ውጪ አልበላም እኔ፣ ይሄ ጭፍንነት ከሆነም ይሁን። ዮሐንስ ክትፎ ስሙ የታወቀ ነው፣ ሰልፍ ካልጠላችሁ ከዛ ጀምሩ፣ ግን ትናንሾቹም አሉ፣ መፈተኛው ቆጮው ነው። ቆጮው ስስ ሆኖ ትኩስ ከመጣ ቤቱ ስራውን ያውቃል። ደረቅና ቀዝቃዛ ከሆነ ክትፎውም ከማሽን የወጣ የመሆን እድሉ ሰፊ ነው። አይቡና ጎመኑ አብሮ ይመጣል ወይስ ለብቻ ይከፈላል ብላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ስፔሻልና ኖርማል የሚባለው ልዩነት ብዙ ቦታ እሱ ነው። ጥሬ የሚከብዳችሁ ለብ ለብ በሉ፣ ብስል ካላችሁ ግን ቢቀርባችሁ ይሻላል፣ ያው ጥብስ እዘዙ። የመስቀል ሰሞን ደሞ ብዙው ባለቤት አገር ቤት ስለሚገባ አንዳንዱ ቤት ዝግ ነው፣ ክፍት ቢሆንም ዋናዋ እጅ የለችም።

በዐቢይ ጾም ለ55 ቀን ብዙ ልኳንዳ ይዘጋል፣ ቀለም የሚቀቡትም ያኔ ነው። ትኬት ስትቆርጡ ይሄን እዩ በናታችሁ፣ አመት ሙሉ ስለ ቁርጥ እያወሩ ከርመው መጋቢት ላይ የሚመጡ ሰዎች አሉ። ያኔ የመጣ ሰው ከነስሙ የጾም ፒዛ፣ የጾም በርገር፣ የጾም ኬክ ያገኛል፣ የጾም ኬኩ እንዳውም ከፍስኩ የሚሻልባቸው ቤቶች አሉ።

ቡናና ጁስ

ለቡና ፒያሳ ቶሞካ፣ ቆማችሁ። ከ1953 በፈረንጅ ጀምሮ ያለ ቤት ነው፣ ተቆልቶ ሲሸት ከውጭ ይሰማችኋል፣ ስትወጡ ለቤት የሚሆን የተቆላ ቡና መግዛትም ይቻላል። ላፕቶፕ ከፍታችሁ ለመቀመጥ ከሆነ ግን ካልዲስ ሂዱ፣ ቅርንጫፉ የትም አለ። ማኪያቶ ስታዙ "ጠቆር ያለ" ወይ "ነጣ ያለ" ካላላችሁ ባሪስታው እንደሙዱ ነው የሚሰራላችሁ። የሁሉም በላይ ግን መንገድ ዳር ረከቦቷን ዘርግታ ጀበና የጣደችው ልጅ ናት፣ ጤና አዳም ጣል ታደርግበታለች፣ በርጩማው ዝቅ ይላል፣ ጉልበታችሁን ተጠንቀቁ።

ጁስ ቤት ስፕሪስ በሉ፣ አቮካዶ ማንጎ ፓፓያ ተደርድሮ ይመጣል፣ በማንኪያ ነው የሚበላው። "ስኳር እንዳታስገቢ፣ ሎሚ ጨምሪበት" ማለት አለባችሁ፣ ካላላችሁ ስኳሩም ቪምቶውም ይጨመርበታል።

ሂሳብ

ሜኑ ላይ ያለው ዋጋ ቫትን ይጨምር አይጨምር ከታች በትንሹ ተጽፏል፣ አንብቡት፣ 15 ፐርሰንት ቀላል አይደለም፣ ትላልቆቹ ቤቶች ደሞ ሰርቪስ 10 ፐርሰንት ይደርቡበታል። ሽሮ ቤቱ ጋ እንዲህ አይነት ጣጣ የለም። ቴሌብር ወይ ሲቢኢ ብር አብዛኛው ቦታ ይሰራል፣ ግን ኔትወርክ ሲጠፋ እጃችሁን አጨብጭባችሁ መውጣት ስለማትችሉ ትንሽ ጥሬ ብር ያዙ። ቲፕ ለአስተናጋጇ በእጇ ስጧት፣ ቢሉ ላይ ብትጨምሩት ላይደርሳት ይችላል። ቆራጩንም አትርሱት፣ ለሱ ትንሽ ጣል ካደረጋችሁ በሚቀጥለው ስትመጡ ገና በር ላይ ሳላችሁ ቢላውን መሳል ይጀምራል።

ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ ከራባችሁ ምርጫው ያንሳል። ቺቺኒያ አካባቢ ጥብስ እስከ ሌሊት አለ፣ ሙዚቃው ግን አያስወራም፣ ሰውም ሞቅ ብሎታል። እሱን ካልፈለጋችሁ ትምህርት ቤትና ታክሲ መያዣ አካባቢ እርጥብ የሚሸጡ ልጆች ላይ ድረሱ፣ ዳቦ ውስጥ ድንች፣ ሰላጣ፣ ቃሪያ ጠቅጥቀው ይሰጧችኋል፣ እነሱም አምሽተው ከሆነ ነው። ዳቦው ካለቀ ይዘጋሉ፣ ስለዚህ ከሩቅ ሰልፍ ካያችሁ ፈጠን በሉ።